ፈርስትቻይልድ ስለው መስከረም ለምን አይመጣም?

የጳጉሜ_ልጅ · ማታ 2፡10

ሰላም ቤተሰብ። አንድ ነገር ግራ ገብቶኝ ነው። ከስልክ ስለምጽፍ የኮዱን ስሞች እንደሚነበቡ በፊደል አድርጌያቸዋለሁ፤ ፋይሉ ውስጥ ያው በእንግሊዝኛ ናቸው።

የዘመን መቁጠሪያ ገጽ እየሠራሁ ነው። 13ቱን ወራት በኤችቲኤምኤል ዝርዝር ደርድሬያለሁ (ዩኤል ዝርዝሩ፣ ኤልአይ እያንዳንዱ ነጥብ ነው)፦

<ዩኤል አይዲ="ወራት">
  <ኤልአይ>መስከረም</ኤልአይ>
  <ኤልአይ>ጥቅምት</ኤልአይ>
  … እንዲህ እያለ እስከ ጳጉሜን
</ዩኤል>

መስከረምን አረንጓዴ ላደርገው ፈልጌ፣ ፈርስትቻይልድ (የመጀመሪያ ልጅ) ብዬ በጃቫስክሪፕት ይህን ጻፍኩ፦

ሌት ወራት = ዶክዩመንት.ጌትኤለመንትባይአይዲ("ወራት");
ወራት.ፈርስትቻይልድ.ስታይል.ከለር = "ግሪን";

ኮንሶሉ (የብሮውዘሩ የስህተት ማሳያ) ቀይ በቀይ ሆነ። ፈርስትቻይልድን ለብቻው ሳሳትመው "ሃሽ ቴክስት" የሚል ነገር ይመጣል። አንድ ጓደኛዬ "ኔክስትሲብሊንግ ጨምሪበት" አለኝ፤ ቀጥሎ ያለውን ስጠኝ ማለት ነው። ጨመርኩ፣ ሠራ። ለምን እንደሠራ ግን እሱም አያውቅም።

ትናንት ገጹን ሰርቨር ላይ ጫንኩት። ከመጫኑ በፊት ፋይሉን የሚጨምቅ መሣሪያ አለ። አሁን እዚያ ላይ አረንጓዴ የሆነው ጥቅምት ነው! ላፕቶፔ ላይ መስከረም፣ ሰርቨሩ ላይ ጥቅምት። ከኮዱ አንድ ፊደል አልተነካም። ጉዱ ምንድን ነው?

---

ቡና_በኮንሶል · ማታ 2፡31

ጉዱ ያለው በማይታየው ነገር ላይ ነው። ከ<ዩኤል> ቀጥሎ አዲስ መስመር ጀምረሻል አይደል? ከዚያም ሁለት ስፔስ። ላንቺ ይህ ኮዱን ማሳመሪያ ነው። ለብሮውዘሩ ግን ጽሑፍ ነው። ጽሑፍ ከሆነ ደግሞ ዛፉ (ብሮውዘሩ ከገጹ የሚሠራው የወላጅና የልጅ መዋቅር) ላይ የራሱ ኖድ፣ ማለትም የራሱ ቦታ፣ ይሰጠዋል። ስለዚህ የዩኤልሽ የመጀመሪያ ልጅ ባዶ ጽሑፍ ነው። መስከረም ሁለተኛ ነው። ጽሑፍ ስታይል የሚባል ነገር ስለሌለው ነው ኮንሶሉ የጮኸው።

አሁን ይህን ኮንሶል ላይ ሞክሪው፦

ወራት.ቻይልድኖድስ.ሌንግዝ
ወራት.ቺልድረን.ሌንግዝ

የመጀመሪያው 27 ይልሻል። ሁለተኛው 13። 13 ወር አለሽ፤ ከፊታቸው፣ በመካከላቸውና ከኋላቸው ደግሞ 14 ባዶ ጽሑፍ። ድምር 27።

የጨማቂው መሣሪያ ሥራ እነዚያን 14 ባዶዎች መጥረግ ነው። ከተጠረጉ በኋላ ፈርስትቻይልድ ራሱ መስከረም ይሆናል። ከእሱ ኔክስትሲብሊንግ ስትዪ ጥቅምት ላይ ታርፊያለሽ። ኮድሽ አልተለወጠም፣ ዛፉ ነው የተለወጠው።

መድኃኒቱ ቀላል ነው፦

ወራት.ፈርስትኤለመንትቻይልድ.ስታይል.ከለር = "ግሪን";

ይሄኛው ጽሑፍና ኮሜንትን ዘሎ ኤለመንት ብቻ ያያል። ተጨመቀ አልተጨመቀ ለሱ ለውጥ የለውም። ጓደኞቹም እንደዚያው ናቸው፦ ላስትኤለመንትቻይልድ፣ ኔክስትኤለመንትሲብሊንግ፣ ፕሪቪየስኤለመንትሲብሊንግ፣ ቺልድረን። ስሙ ውስጥ "ኤለመንት" የሚል ካለ ባዶውን ይዘላል በዪ፤ ቺልድረን ብቻ ቃሉ ሳይኖርበት ይዘላል።

---

ሰፈር_ኮደር · ማታ 2፡44

ኧረ ወንድሜ፣ 27 ከየት መጣ? እኔም የወራት ዝርዝር ጽፌ ሞከርኩት፤ 14 ነው የሚለኝ። ክሮምም ፋየርፎክስም አንድ ነው። ቺልድረን 13፣ እሱስ ልክ ነው። አንድ ባዶ ብቻ አለኝ ማለት ነው?

---

ቡና_በኮንሶል · ማታ 2፡47

ተጨምቆ ቢሆንማ 13 ነበር የሚልህ። 14 እንግዳ ነው። ኮድህን ለጥፈው እስቲ።

---

ሰፈር_ኮደር · ማታ 2፡52

<ዩኤል አይዲ="ወራት">
<ኤልአይ>መስከረም
<ኤልአይ>ጥቅምት
<ኤልአይ>ኅዳር
…
</ዩኤል>

---

ጋሽ_ሰርቨር · ማታ 3፡05

ልጄ፣ ኤልአይህን አልዘጋኸውም። ስህተት አይደለም፤ ኤችቲኤምኤል የኤልአይን መዝጊያ እንድትተወው ይፈቅዳል። ብሮውዘሩ ቀጣዩን ኤልአይ ሲያይ የቀደመውን ራሱ ይዘጋዋል። ግን እስከዚያ ድረስ ያለው ሁሉ፣ አዲሱ መስመር ጭምር፣ የቀደመው ኤልአይ ሆድ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ዩኤሉ ሥር የቀረው ከመጀመሪያው ኤልአይ በፊት ያለው አንዱ ባዶ ብቻ ነው። 1 ሲደመር 13፣ 14።

ባዶዎቹ አልጠፉም፤ ቤት ቀየሩ እንጂ። ማረጋገጥ ከፈለግህ ይህን ጠይቀው፦

ወራት.ቺልድረን[0].ቴክስትኮንተንት === "መስከረም"

"ፎልስ" ይልሃል። ምክንያቱም ጽሑፉ "መስከረም" ሲደመር አዲስ መስመር ነው። መጨረሻው ላይ ትሪም (ከዳርና ዳር ያለውን ባዶ ቁረጥ) ካላልክበት ንጽጽርህ ሁሌም ይወድቃል። ይህን ነገር ሰዎች ለሰዓታት ሲፈልጉት አይቻለሁ፤ ዓይን አያየውማ።

ለባለጥያቄዋ አንድ ነገር ልጨምር። የብሮውዘሩ ኤለመንት ማሳያ ላይ ባዶዎቹን ፈልገሽ አታገኛቸውም። እዚያ የሚታየው ለሰው ዓይን የተስተካከለ ዛፍ ነው፤ ባዶ ጽሑፎች ተደብቀዋል። እውነተኛውን ለማየት ኤለመንቱን እዚያ ምረጪውና ኮንሶል ላይ "ዶላር ዜሮ ነጥብ ቻይልድኖድስ" በዪ። ዶላር ዜሮ ማለት አሁን የመረጥሽው ኤለመንት ነው።

ታሪኩን ለሚወድ፦ ፈርስትቻይልድና ኔክስትሲብሊንግ ከመጀመሪያው የዶም (የዚህ የገጹ ዛፍ አሠራር) መመዘኛ፣ ከእ.ኤ.አ. 1998 ጀምሮ ያሉ ናቸው። ያኔ ዶም ለኤክስኤምኤልም ጭምር ነው የታሰበው፤ እዚያ ባዶ ቦታም ትርጉም ሊኖረው ስለሚችል መጣል አልተፈለገም። የድሮው ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ግን ባዶዎቹን ይጥላቸው ነበር። አንዱ ብሮውዘር ላይ መስከረም፣ ሌላው ላይ ባዶ። የዛሬዋ ባለጥያቄ ያየችውን ልዩነት እኛ ያኔ በብሮውዘሮች መካከል ነበር የምናየው። ባዶውን የሚዘሉት አዲሶቹ ፕሮፐርቲዎች በዳብሊውስሪሲ (የድር መመዘኛዎችን የሚያወጣው ድርጅት) መመዘኛ ሆነው የጸደቁት በእ.ኤ.አ. 2008 ነው። አስር ዓመት ሙሉ ሁሉም ሰው "ኖድታይፕ 1 (ማለትም ኤለመንት) እስኪሆን ድረስ ቀጥል" የሚል የራሱን ሉፕ ይጽፍ ነበር።

---

ሰፈር_ኮደር · ማታ 3፡09

ጋሼ ይኑሩልኝ። ትሪም አደረግኩበት፣ "ትሩ" አለ።

---

የጳጉሜ_ልጅ · ማታ 3፡20

አሁን ነው የገባኝ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሁለት ነገር ልጠይቅ፣ እንዳትሰለቹብኝ።

አንደኛ፣ ቺልድረንና ፈርስትኤለመንትቻይልድ ካሉ እነዚያ የድሮዎቹ ለምን ያስፈልጋሉ?

ሁለተኛ፣ እዚያው ገጽ ላይ የበዓላት ሠንጠረዥ አለኝ። እያንዳንዱ ረድፍ ላይ "አጥፋ" የሚል በተን አለ። ሲጫኑት ረድፉን ለማጥፋት፦

ኢ.ታርጌት.ፓረንትኖድ.ፓረንትኖድ.ሪሙቭ();

ከበተኑ ወደ ቲዲ (ሴሉ)፣ ከቲዲ ወደ ቲአር (ረድፉ)። ጥሩ ይሠራ ነበር። ከዚያ በተኑ ላይ በኤስቪጂ የተሠራች የቆሻሻ ቅርጫት ምልክት አስገባሁ። አሁን አንዳንዴ ረድፉ ይጠፋል፣ አንዳንዴ በተኑ ብቻ ይጠፋል፣ አንዳንዴ ደግሞ ሴሉ። እንደ ዕድሌ ነው።

---

ፍሮንት_ማታ · ማታ 3፡34

ሁለተኛውን እኔ ልያዘው።

ዕድል አይደለም፣ ጣትሽ ያረፈበት ቦታ ነው። ኢ.ታርጌት የሚሰጥሽ በትክክል የተነካውን ነገር ነው፣ በተኑን አይደለም። ከላይ ወደ ታች ዛፉ እንዲህ ነው፦ ቲአር፣ ቲዲ፣ በተን፣ ኤስቪጂ፣ ፓዝ። የቅርጫቷን መስመር ከነካሽ ታርጌት ፓዝ ነው፤ ሁለት ደረጃ ስትወጪ በተን ላይ ትደርሻለሽ፣ በተኑ ይጠፋል። በመስመሮቹ መካከል ከነካሽ ታርጌት ኤስቪጂ ነው፤ ሁለት ደረጃ ሲወጣ ቲዲ። የበተኑን ጠርዝ ከነካሽ ብቻ ነው ቲአር የምታገኚው።

ደረጃ አትቁጠሪ። የምትፈልጊውን በስሙ ጥሪው፦

ሌት ረድፍ = ኢ.ታርጌት.ክሎዘስት("ቲአር");
ኢፍ (ረድፍ) ረድፍ.ሪሙቭ();

ክሎዘስት ከራሱ ከኤለመንቱ ይጀምርና ወደ ላይ ይወጣል። መጀመሪያ የሚገጥመውን ይሰጥሻል። ካላገኘ ነል (ምንም) ይመልሳል፤ ለዚህ ነው ኢፍ ያስገባሁት። ነገ በተኑን በስፓን ብትጠቀልዪው፣ ዲቭ ብትጨምሪበት፣ ይህ መስመር አይነካም።

ሌላም ነገር አለ። ለእያንዳንዱ በተን የየራሱ ሊስነር (ክሊክ የሚጠብቅ ኮድ) አስገብተሽ ከሆነ አያስፈልግም። አንድ ሊስነር ቲቦዲው (ረድፎቹን የያዘው የሠንጠረዡ ክፍል) ላይ አድርጊ፣ ክሊኩ ራሱ ወደ ላይ ይመጣልሻል። መጀመሪያ ክሎዘስት("በተን") ብለሽ በተን መነካቱን አረጋግጪ፣ ከዚያ ክሎዘስት("ቲአር")። አዲስ በዓል ስትጨምሪ አዲስ ሊስነር አይጠይቅሽም።

የመጀመሪያውን ጥያቄሽን በተመለከተ ግን እኔ ጽንፈኛ ነኝ። ፈርስት ምናምን፣ ኔክስት ምናምን፣ ሁሉንም እርሺው። ወደ ታች የሚፈልገው ኩዌሪሰሌክተርና ወደ ላይ የሚፈልገው ክሎዘስት ይበቁሻል። እኔ ሥራ ቦታ የምጠቀመው እነሱን ብቻ ነው።

---

ጋሽ_ሰርቨር · ማታ 3፡51

ክሎዘስት ላይ እስማማለሁ። "ሁሉንም እርሺው" ላይ ግን አልስማማም፣ ይቅር በለኝ።

ነገ ይህች ልጅ በእያንዳንዱ ወር ሥር በዓላቱን መዘርዘር ትፈልጋለች እንበል፦

<ኤልአይ>መስከረም
  <ዩኤል>
    <ኤልአይ>እንቁጣጣሽ 1</ኤልአይ>
    <ኤልአይ>ደመራ 16</ኤልአይ>
    <ኤልአይ>መስቀል 17</ኤልአይ>
  </ዩኤል>
</ኤልአይ>

አሁን ወራት.ኩዌሪሰሌክተርኦል("ኤልአይ") ብትል ስንት ያመጣላታል? ወራቱን ብቻ አይደለም፤ ደመራም መስቀልም አብረው ይመጣሉ። ኩዌሪሰሌክተር እስከ ታች ድረስ ነው የሚወርደው። ወራት.ቺልድረን ግን የቀጥታ ልጆቹን ብቻ ይሰጣል፣ 13 ከማለት ዝንፍ አይልም። እርግጥ ":ስኮፕ > ኤልአይ" ማለት ይቻላል። ግን ይህን የሚያውቅ ስንት ሰው ነው?

እዚሁ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ወራት.ኩዌሪሰሌክተር("ዲቭ ኤልአይ") ብትሉ፣ ወራት ውስጥ አንድም ዲቭ ሳይኖር መስከረምን ሊያመጣ ይችላል። ሰሌክተሩ የሚመዘነው በመላው ገጽ ነው። ዩኤሉ ራሱ ዲቭ ውስጥ ካለ "ዲቭ ኤልአይ" ተሟላ ማለት ነው። ወራት የሚለው የሚገድበው ውጤቱን ብቻ ነው።

ደግሞ የወሩን ስም ብቻውን ማውጣት ብትፈልግስ? ኤልአይው ላይ ቴክስትኮንተንት ብትል መስከረም፣ እንቁጣጣሽ፣ ደመራ፣ መስቀል ሁሉም ተደባልቆ ይመጣል። እዚህ ጋ የሚያስፈልገው ያ የተናቀው ፈርስትቻይልድ ነው፦

ወር.ፈርስትቻይልድ.ኖድቫልዩ.ትሪም()

"መስከረም"። አለቀ። የጽሑፍ ኖድን በስሙ የሚጠራ ሰሌክተር የለም። የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ይኸው ነው፦ ጽሑፉን ራሱን መንካት ሲያስፈልግ የድሮዎቹ ያስፈልጋሉ።

---

ፍሮንት_ማታ · ማታ 3፡58

የወሩን ስም ስፓን ውስጥ አስገብቼ ስፓኑን እጠራለሁ እንጂ ጽሑፍ ኖድ አላሳድድም። ኤችቲኤምኤሉ የራሴ ከሆነ ማለቴ ነው።

---

ጋሽ_ሰርቨር · ማታ 4፡02

የራስህ ከሆነ አዎ። ሁሌ ግን የራስህ አይሆንም።

---

ሰፈር_ኮደር · ማታ 4፡15

እዚህ ክር ላይ ስላለሁ የኔንም ላንሳ። ዝርዝሩን ባዶ ላደርግ ብዬ፦

ፎር (ሌት አይ = 0; አይ < ወራት.ቺልድረን.ሌንግዝ; አይ++)
  ወራት.ቺልድረን[አይ].ሪሙቭ();

ግማሹ ቀረ። ጥቅምት፣ ታኅሣሥ፣ የካቲት፣ ሚያዝያ፣ ሰኔ፣ ነሐሴ አልጠፉም። እየዘለለ ነው የሚሰርዘው።

---

የጳጉሜ_ልጅ · ማታ 4፡18

ከሁሉም ጳጉሜን መሰረዝህ አሳዘነኝ 😄

---

ቡና_በኮንሶል · ማታ 4፡26

ቺልድረን ሕያው ነው። የዛፉ ፎቶ አይደለም፣ ዛፉን ራሱን እያየህ ነው። መስከረምን ስትሰርዝ ወዲያው ጥቅምት 0 ቁጥር ላይ ይቀመጣል። ሉፕህ ግን ወደ 1 አልፏል፣ እዚያ ያለው ኅዳር ነው። ኅዳር ሲጠፋ ታኅሣሥ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ አንተ ጥር ላይ ትደርሳለህ። እንዲህ እያልክ 7 ሰርዘህ 6 ይቀራል፤ አይ 7 ሲሆን ሌንግዙ 6 ስለሆነ ሉፑ ይቆማል።

ቻይልድኖድስም ሕያው ነው። ኩዌሪሰሌክተርኦል የሚሰጥህ ግን የቆመ ዝርዝር ነው። አንዴ ቆጥሮ ይሰጥህና ከዚያ በኋላ ዛፉ ቢለወጥ አያውቅም።

ሁሉንም ለማጥፋት ከሆነ ሉፕ አያስፈልግህም፦

ወራት.ሪፕሌስቺልድረን();

ቅንፉን ባዶ ተወው፣ ሁሉም ይጠፋል። እየመረጥክ የምትሰርዝ ከሆነ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ሂድ፣ ወይ አስቀድመህ በአሬይ.ፍሮም ወደ ተራ አሬይ ገልብጠው። መገልበጡ ሌላም ጥቅም አለው፤ ቺልድረን ላይ ፎርኢች የለም። ቻይልድኖድስ ላይና ኩዌሪሰሌክተርኦል ላይ አለ። ለምን አንዱ ጋ ኖሮ ሌላው ጋ እንዳልኖረ አትጠይቀኝ፣ እኔም ሁሌ ያናድደኛል።

---

ቆሎ_በኪስ · ማታ 4፡40

ጤና ይስጥልኝ፣ አዲስ ነኝ። ስለ ሠንጠረዥ ስታወሩ አንድ ጥያቄ መጣብኝ። ቴብል ጽፌ ውስጡ ቲአር ብቻ ነው ያስገባሁት። ቴብል.ፈርስትኤለመንትቻይልድ ስለው ግን ቲቦዲ ይለኛል። እኔ ቲቦዲ የሚባል ነገር አልጻፍኩም!

---

ፍሮንት_ማታ · ማታ 4፡49

እንኳን ደህና መጣህ። ብሮውዘሩ ነው የጻፈልህ። ኤችቲኤምኤሉን ሲያነብ ቲአር በቀጥታ ቴብል ሥር ካገኘ ቲቦዲ ፈጥሮ በመካከል ያስገባል። ለዚህ ነው "ቴብል > ቲአር" የሚል የሲኤስኤስ ሰሌክተር ምንም የማያገኘው።

ቴብል ላይ በልጅና በወላጅ መሄድ ድካም ነው፤ የራሱ አቋራጮች አሉት። ቴብል.ሮውስ ረድፎቹን ሁሉ ይሰጥሃል፣ በየትኛውም ክፍል ቢሆኑ። ረድፍ.ሴልስ ሴሎቹን። ረድፍ.ሮውኢንዴክስ ስንተኛ እንደሆነ ይነግርሃል፤ ልብ በል፣ ቲሄድ (የርዕስ ክፍል) ካለ የርዕሱን ረድፍም ይቆጥራል። ከክፍሉ ውስጥ ስንተኛ ነው ለማለት ሴክሽንሮውኢንዴክስ።

ደግሞ ቲቦዲ የሚጨመረው ኤችቲኤምኤል ሲነበብ ብቻ ነው። በክሪኤትኤለመንት ቴብል ፈጥረህ ቲአር አፔንድ ብታደርግ ማንም ቲቦዲ አይጨምርልህም። አንድ ዓይነት የሚመስሉ ሁለት ቴብሎች የተለያየ ዛፍ ሊኖራቸው ይችላል። ሮውስ ሁለቱም ጋ ይሠራል።

---

ቆሎ_በኪስ · ማታ 4፡55

አቦ ይመችህ። አንድ ሌላ፦ ዶክዩመንት.ቦዲ ነል የሚለኝስ ለምንድን ነው? ላፕቶፕ የለኝም፣ በስልክ ነው የምማረው። ኮንሶልም የለኝ፣ በአለርት ነው ያየሁት።

---

ቡና_በኮንሶል · ማታ 5፡01

ስክሪፕትህ ሄድ ውስጥ ነው ያለው። ብሮውዘሩ ከላይ ወደ ታች እያነበበ ዛፉን ይተክላል፤ ስክሪፕት ሲያገኝ ቆሞ ያሠራዋል። በዚያ ሰዓት ቦዲ ገና አልተፈጠረም። ስክሪፕቱ በሌላ ፋይል ከሆነ ዲፈር የሚል ጨምርበት፤ እዚያው ገጹ ላይ የተጻፈ ከሆነ ዲፈር አይሠራለትም፣ ቦዲው መጨረሻ ላይ አውርደው።

ለኮንሶሉ፣ ገጹ ላይ አንድ ፕሪ ኤለመንት አስቀምጥና ማየት የምትፈልገውን ቴክስትኮንተንቱ ላይ እየጨመርክ ጻፍ። ከአለርት ይሻልሃል። ዛፉን ስታይ ግን ያ ፕሪም አብሮ እንደሚቆጠር አትርሳ።

---

ፊደልና_ኮድ · ማታ 5፡20

ክሩን ዘግይቼ ነው ያየሁት። ጋሽ ሰርቨር "ሁሌ የራስህ አይሆንም" ያሉት ላይ አንድ ምሳሌ አለኝ።

የአንድ ገጽ ቁጥሮችን በሙሉ ወደ ግዕዝ ቁጥር የሚቀይር ትንሽ ኤክስቴንሽን ሠርቻለሁ። 2018 የነበረው ፳፻፲፰ ይሆናል። ለዚህ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ቦዲ.ኢነርኤችቲኤምኤልን ወስዶ ቁጥሩን በሬጌክስ (የጽሑፍ ቅርጽ መፈለጊያ) መተካት ነው። ውጤቱ አስቂኝ ነው። ኢነርኤችቲኤምኤል ውስጥ ታጎቹም አሉና፣ "ኤች2" የሚለው ታግ "ኤች፪" ይሆናል። ሊንኮቹ ውስጥ ያሉት ቁጥሮች ይለወጣሉ፣ ስትጫኗቸው የትም አያደርሱም። በዚያ ላይ መላው ቦዲ እንደ አዲስ ስለሚተከል ሊስነሮቹ ሁሉ ይሞታሉ፤ ሰው ፎርም ላይ ጽፎት የነበረውም ይጠፋል።

ስለዚህ ጽሑፍ ኖዶቹን ብቻ መልቀም ያስፈልጋል። ለዚህ ትሪዎከር አለ፦

ሌት ዟሪ = ዶክዩመንት.ክሪኤትትሪዎከር(ዶክዩመንት.ቦዲ, ኖድፊልተር.ሾው_ቴክስት);
ሌት ጽሑፎች = [];
ዋይል (ዟሪ.ኔክስትኖድ()) ጽሑፎች.ፑሽ(ዟሪ.ከረንትኖድ);

መጀመሪያ ሁሉንም ሰበሰብኩ፣ ከዚያ አንድ በአንድ ኖድቫልዩአቸውን ቀየርኩ። እየዞሩ ዛፉን መቀየር ሰፈር_ኮደር ያየውን ዓይነት ጣጣ ያመጣል። ስክሪፕትና ስታይል ውስጥ ያለውም ጽሑፍ ኖድ ስለሆነ እሱን መዝለል ግድ ነው፦

ኢፍ (ጽሑፍ.ፓረንትኤለመንት.ክሎዘስት("ስክሪፕት, ስታይል, ቴክስትኤሪያ")) ኮንቲኒው;

ከጽሑፍ ኖድ ላይ ክሎዘስት መጥራት አይቻልም፤ ክሎዘስት የኤለመንት ነው። መጀመሪያ ወደ ወላጁ መውጣት አለባችሁ።

ያስቸገረኝ ሌላ ነው። የግዕዝ ቁጥር ዜሮ የለውም፤ አኃዝ በአኃዝ አይተካም፣ ሙሉ ቁጥሩን ማወቅ አለብህ። አንድ ገጽ ላይ ዓመቱ እንዲህ ተጽፎ ነበር፦ 20<ቢ>18</ቢ>። ለዓይን 2018 ነው። ለዛፉ ግን ሁለት የተለያዩ ጽሑፍ ኖዶች ናቸው፣ አንዱ ከቢ ታግ ውጭ፣ ሌላው ቢ ሥር። ኮዴ ፳ እና ፲፰ ብሎ ጻፋቸው፤ ሲነበብ ፳፲፰፣ ይህ ደግሞ ቁጥር አይደለም። ኖርማላይዝ የሚባል ሜተድ አጠገብ ለአጠገብ ያሉ ጽሑፎችን ያዋህዳል፣ ግን ታግ መካከላቸው ካለ አይነካቸውም። እንዲህ ያለውን እስካሁን እንዳለ ትቼዋለሁ፤ ከጎኑ ያለው ኖድ በአኃዝ የሚያልቅ ወይም የሚጀምር ከሆነ አልነካውም።

---

የጳጉሜ_ልጅ · ማታ 5፡33

ዋው። እኔ እኮ ወር ላቀልም ነበር የመጣሁት።

---

ሰፈር_ኮደር · ማታ 5፡36

ጣልቃ ልግባና፣ ባለጥያቄዋ ተለዋዋጩን "ወራት" ብላ በፊደል ነው የሰየመችው። ለዚህ ክር ብላ ነው ወይስ እውነት ይሠራል?

---

ፊደልና_ኮድ · ማታ 5፡41

እውነት ይሠራል። ጃቫስክሪፕት ለስም የኢትዮፒክ ፊደላትን ይቀበላል፣ አይዲውም በአማርኛ መሆን ይችላል። ሁለት ነጥቧን "፡" ግን በስም መካከል አይቀበልም፣ ሥርዓተ ነጥብ ናት። ስለ እሷ ካነሳን፦ ትሪምም አያውቃትም። "መስከረም፡" የሚል ጽሑፍ ላይ ትሪም ብትል ሁለት ነጥቧ እዚያው ናት። ዩኒኮድ ከስፔስ ጋር አልመደባትም። የቆዩ ጽሑፎችን ለምታነብቡ ይጠቅማችኋል።

---

ፍሮንት_ማታ · ማታ 5፡48

የጳጉሜ ልጅ፣ መጨረሻ ላይ የምትፈልጊው መስከረምን ነው ወይስ የያዝነውን ወር?

---

የጳጉሜ_ልጅ · ማታ 5፡50

የያዝነውን ወር። መስከረም ለሙከራ ነው።

---

ፍሮንት_ማታ · ማታ 5፡58

እንደዚያ ከሆነ ዛፉ ላይ መራመድም አያስፈልግሽ። ብሮውዘሩ ራሱ የኢትዮጵያን አቆጣጠር ያውቃል። ኢንትል.ዴትታይምፎርማትን በ"ኢትዮፒክ" ካላንደር ጠይቂው፣ መንዝ "ኒውሜሪክ" በዪው፣ ከ1 እስከ 13 ያለ ቁጥር ይሰጥሻል። የሰዓት ቀጠናውን "አፍሪካ/አዲስ_አበባ" ማለት አትርሺ፤ አሜሪካ ያለ ሰው ሲከፍተው ቀኑ ትናንት ሊሆንበት ይችላል። ከዚያ፦

ወራት.ቺልድረን[ቁጥር - 1].ክላስሊስት.አድ("አሁን");

አንድ የምትቀንሺው ዝርዝሩ ከ0 ስለሚጀምር ነው። ጳጉሜን 12 ላይ ናት። ቁጥሩ በጽሑፍ መልክ ይመጣል፣ ሲቀነስ ግን ራሱ ወደ ቁጥር ይለወጣል።

---

የጳጉሜ_ልጅ · ማታ 6፡14

ሠራ! ላፕቶፑም ላይ፣ ሰርቨሩም ላይ። ረድፍ ማጥፊያውንም በክሎዘስት ቀየርኩት፣ ቅርጫቷን የትም ብነካት ረድፉ ነው የሚጠፋው። ሁላችሁም ተባረኩ።

አንድ ትንሽ ነገር ብቻ። ክሎዘስት እንዴት እንደሚሠራ ለመረዳት ብዬ የራሴን ሉፕ ጻፍኩ፣ ፓረንትኖድን እየተከተለ ወደ ላይ የሚወጣ። በየደረጃው ታግኔም.ቶሎወርኬዝ() አሳትማለሁ። ቦዲ ይላል፣ ኤችቲኤምኤል ይላል፣ ከዚያ ኤረር። ከኤችቲኤምኤል በላይ ምን አለ?

---

ጋሽ_ሰርቨር · ማታ 6፡22

ዶክዩመንት አለ። እሱ ኖድ ነው፣ ኖድታይፑ 9፤ ኤለመንት ግን አይደለም፣ ስለዚህ ታግኔም የለውም። ፓረንትኖድ እስከ እሱ ይወስድሻል፣ ከእሱ በላይ ነል ነው። ሉፑን በፓረንትኤለመንት ቀይሪው፤ ኤችቲኤምኤል ላይ ሲደርስ ነል ይሰጥሽና ያቆማል። እነዚህ ሁለቱ የሚለያዩት እዚያ ጫፍ ላይ፣ እና ወላጁ ሻዶው ሩት (ኤለመንት ውስጥ የተሸሸገ የተለየ ዛፍ ሥር) ወይም ዶክዩመንት ፍራግመንት (ገጹ ላይ ያልተተከለ ቁራጭ ዛፍ) ሲሆን ነው። ሻዶው ሩት ላይ ደግሞ ፓረንትኖድም ነል ነው፤ ከዚያ ለመውጣት ሆስት የሚለውን ትጠይቂያለሽ። እሱ ሌላ ክር ይፈልጋል፣ ነገ ክፈቺው።